አስተርጓሚውና የጦርነት ማብቂያ፦ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጦርነት ማብቂያ ላይ በሁለት ወገኖች መካከል ቆመው ቃል ስላመላለሱ ወታደራዊ አስተርጓሚዎች የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጥያቄ ስለ ደረሰኝ ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ እመልሳለሁ። ከመነሻው ሁለት ነገር ላሳውቅ። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በአንድ የተኩስ አቁም ታዛቢ ቡድን ውስጥ ለሁለት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይበልጥ ያጠናሁት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በተለይም በፓስፊክ ግንባር በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉትን የጃፓን ተወላጆች ታሪክ ስለሆነ መልሶቼ ወደዚያ ያዘነብላሉ። የምጠቅሳቸው ቀናትም፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውጊያው ካበቃ በኋላ ለአስተርጓሚ ምን ሥራ ይቀርለታል? ሥራው የሚበዛው በጦርነቱ መካከል አይደለም ወይ?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በውጊያ ጊዜ የአስተርጓሚው ውሎ በአብዛኛው ከወረቀት ጋር ነው፤ ከሞተ ወታደር ኪስ የተገኘ ማስታወሻ ያነባል፣ የተጠለፈ የሬዲዮ መልእክት ይፈታል፣ አልፎ አልፎም የቆሰለ ምርኮኛ ይጠይቃል። ተኩሱ ሲቆም ግን እስከ ትናንት ድረስ ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ መነጋገር ይኖርባቸዋል፦ ፈንጂ የተቀበረው የት ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ጠመንጃ አለ፣ ቁስለኞቹን ማን ይወስዳል፣ የእኛ ምርኮኞች የታሰሩበት ካምፕ በየት በኩል ነው። ጃፓን እጅ በሰጠችበት ወቅት ከ6 ሚሊዮን በላይ ወታደሮቿና ሲቪሎቿ ከአገራቸው ውጭ በየደሴቱና በየአህጉሩ ተበትነው ስለ ነበር ይህን ሁሉ ሰው መዝግቦ፣ ትጥቅ አስፈትቶና በመርከብ ጭኖ ለመመለስ ያለ አስተርጓሚ አንድ እርምጃ መራመድ አይቻልም ነበር።

የአሜሪካ ጦር ለዚህ ያዘጋጀው የቋንቋ ትምህርት ቤት በኖቬምበር 1941፣ ከፐርል ሃርበር ጥቃት አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የአውሮፕላን መጠለያ 60 ተማሪ ይዞ ጀመረ። ኋላ ወደ ሚኒሶታ ተዛውሮ 6,000 ያህል ሰዎችን አስመርቋል፤ አብዛኞቹም ከጃፓናውያን ወላጆች አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ፣ በጃፓንኛ «ኒሴ»፣ ማለትም ሁለተኛ ትውልድ የሚባሉት ነበሩ።

ጥያቄ፦ ነጭ ባንዲራ ይዞ ከሚሄድ መልእክተኛ ጋር የሚጓዝ አስተርጓሚ በሕግ የተጠበቀ ነው?

መልስ፦ አዎን። የ1907ቱ የሄግ የየብስ ጦርነት ደንብ በ32ኛው አንቀጽ ላይ፣ ነጭ ባንዲራ ይዞ ለመነጋገር የሚመጣ መልእክተኛ እንደማይደፈር ከደነገገ በኋላ፣ አብረውት የሚሄዱትን መለከት ነፊውን ወይም ከበሮ መቺውን፣ ባንዲራ ያዡንና አስተርጓሚውን በስም ይጠቅሳል። ከእነዚህ ውስጥ መለከትና ከበሮው ቀርቷል፤ አስተርጓሚው ግን አሁንም አለ። የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ ምርኮኛ በሚገባው ቋንቋ ብቻ እንዲጠየቅ፣ ፍርድ ቤት ከቀረበም ብቁ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ያዝዛል። በተግባር ግን አስተርጓሚውን በይበልጥ የሚያሰጋው ባንዲራው ገና ሳይታይ የሚመጣ ጥይት ነው፤ ኒሴዎቹ ደግሞ መልካቸው ከጠላት ጋር አንድ ስለ ነበር የራሳቸው ጓዶች ተሳስተው እንዳይተኩሱባቸው ጠባቂ የተመደበላቸው ጊዜ ነበር።

ጥያቄ፦ በኦኪናዋ ዋሻዎች የተሸሸጉትን ሰዎች በንግግር ብቻ እንዴት ማስወጣት ተቻለ?

መልስ፦ ከሁሉ ይበልጥ ልቆይበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው።

የአሜሪካ ጦር ኦኪናዋ ላይ ያረፈው በኤፕሪል 1 ቀን 1945 ነው። የደሴቱ ሕዝብ «ጋማ» በሚባሉት የተፈጥሮ ዋሻዎች ተጠልሎ ነበር፤ አሜሪካኖች ሴቱን እንደሚደፍሩ፣ ወንዱንም አሠቃይተው እንደሚገድሉ ለዓመታት ስለ ተነገረው እጅ ከመስጠት መሞትን የሚመርጥ ብዙ ነበር። ወታደሮቹ ደግሞ በዋሻው አፍ ቆመው የሚያውቋትን አንዲት የጃፓንኛ ቃል ይጮኹ ነበር፤ «ደተኮይ!»። ትርጉሟ «ውጣ!» ቢሆንም አነጋገሯ የበታችን ወይም ውሻን እንደ ማዘዝ ነው። ጨለማ ውስጥ ሕፃን ታቅፋ ለተቀመጠች እናት፣ በባዕድ ድምፅ የተጮኸ «ውጣ!» እንድትወጣ ያደርጋታል ወይስ ወደ ውስጥ ይገፋታል? አስተርጓሚው ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ይህችን ቃል መለወጥ ነበር፤ «እባካችሁ ውጡ፤ ውኃ አለ፤ ማንም አይነካችሁም» ማለት። አረጋውያኑ ከጃፓንኛ የሚለየውን የደሴቱን ቋንቋ ብቻ የሚያውቁ በመሆናቸው ግን መደበኛ ጃፓንኛ እንኳ ሁልጊዜ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ጦሩ ከኦኪናዋ ቤተሰብ የተወለዱ ጥቂት ኒሴዎችን ለይቶ አዘመተ።

ከእነዚህ አንዱ ታኬጂሮ ሂጋ ነበር። ሃዋይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ኦኪናዋ ከተወሰደ በኋላ እስከ ጉርምስናው እዚያው አድጓል። በጦርነቱ ጊዜ ሁለት የተጎሳቆሉ ምርኮኞች ለምርመራ ይቀርቡለታል። ስማቸውን፣ መንደራቸውንና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሲጠይቅ የልጅነት የክፍል ጓደኞቹ መሆናቸውን ያውቃል፤ እነርሱ ግን የአሜሪካ ዩኒፎርም የለበሰውን መርማሪ አላወቁትም። ሂጋ የሚባል ልጅ ታስታውሳላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ወደ ሃዋይ እንደ ሄደ ይነግሩታል። ያ ልጅ እኔ ነኝ ሲላቸው፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እገደላለሁ ብለው ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች እንባቸውን አፈሰሱ፤ እርሱም አብሮ አለቀሰ። ሌላ ቀን ደግሞ በልጅነቱ ያስተማረውን መምህሩን በምርመራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አግኝቶታል። በዚያ ጦርነት ሂጋ የሠራበት መሣሪያ የድምፅ ማጉያ ነበር።

ዩኒፎርም ያልለበሰ አስተርጓሚም ነበረ። ዮሚታን በሚባለው አካባቢ ሁለት ዋሻዎች በጣም ተቀራርበው ይገኛሉ። ቺቢቺሪ በተባለው ውስጥ ከተጠለሉት 140 ያህል ሰዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ ወታደሮቹ በደረሱ በማግሥቱ ራሳቸውን በማጥፋትና በገዛ ቤተሰቦቻቸው እጅ አለቁ። ሺሙኩ በተባለው ዋሻ ደግሞ 1,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። እዚያ ውስጥ ቀድሞ ሃዋይ ሠርተው የተመለሱና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ስለ ነበሩ ወጥተው ከወታደሮቹ ጋር ተነጋገሩ፤ ተመልሰውም አሜሪካኖች ሲቪል እንደማይገድሉ ለሕዝቡ አስረዱ። ከዚያ ዋሻ ሕዝቡ በሕይወት ወጣ። በሁለቱ ዋሻዎች መካከል ሌላ ልዩነት አልነበረም ማለት አልችልም፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል ትልቅ የሆነውን ልዩነት አግኝቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የጃፓን ወታደር እጅ አይሰጥም ይባላል፤ ከተማረከ በኋላ ግን ብዙ ይናገር ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱም የሌላው ምክንያት ነው። በጃኑዋሪ 1941 የወጣው የጃፓን ጦር የውጊያ ሥነ ምግባር መመሪያ ወታደሩ የምርኮኝነትን ውርደት ከመቀበል ይልቅ እንዲሞት ያስተምር ነበር። መማረክ እንደሌለ ስለ ተቆጠረ፣ ከተማረክህ ይህን ተናገር፣ ያን ደብቅ ብሎ ያስተማረው ማንም የለም። ወታደሩ ሳይሞት ሲቀር ከአገሩም ከቤተሰቡም የተቆረጠ ያህል ይሰማዋል፤ በዚያ ሁኔታ ውኃና ሲጋራ የሚሰጠው፣ ስለ ትውልድ መንደሩ በገዛ ቋንቋው በትሕትና የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ይናገራል። የተሳካላቸው መርማሪዎች ሳይጮኹ የጠየቁት ነበሩ፤ በዚህ ላይ የሠሩበት ሰዎች ምስክርነት አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት በሬዲዮ ሲናገሩ ሕዝባቸው አልገባውም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በኦገስት 15 ቀን 1945 እኩለ ቀን ላይ የተላለፈው ንግግር ቀደም ባለው ሌሊት በሸክላ የተቀዳ ነበር። የድምፁ ጥራት ዝቅተኛ ከመሆኑ በላይ ቋንቋው ተራው ሰው የማይናገረው፣ በጽሑፍ እንጂ በጆሮ የማይለመድ የቤተ መንግሥት ጃፓንኛ ነበር። «እጅ መስጠት» የሚለው ቃል በውስጡ የለም፤ የተባለው መንግሥት የአራቱን ኃያላን የጋራ መግለጫ እንዲቀበል ታዝዟል የሚል ነው። እስከ መጨረሻው ተዋጉ የተባለ የመሰላቸው አድማጮች ነበሩ፤ ነገሩ የተብራራው አንባቢው ቀጥሎ በሰጠው ማብራሪያ ነው። የገዛ ሕዝባቸው ለመረዳት አስተርጓሚ አስፈለገው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ጥያቄ፦ የአቶም ቦምቡ የተጣለው «ሞኩሳትሱ» የተባለው ቃል በስሕተት በመተርጎሙ ነው ይባላል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ በእኛ ሙያ ሰዎች ዘንድ በጣም የተወደደ ታሪክ ነው፤ ሙያችንን ትልቅ ያደርገዋልና። እኔ ግን አልቀበለውም። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ካንታሮ ሱዙኪ፣ ጃፓን እጅ እንድትሰጥ የጠየቀውን የፖትስዳም መግለጫ በሚመለከት በጁላይ 28 የተናገሩት ቃል «ዝምታ» እና «መግደል» ከሚሉ ሁለት ፊደላት የተሠራ ሲሆን፣ «ለጊዜው አስተያየት አንሰጥም» ከሚለው እስከ «ንቀን አልፈነዋል» እስከሚለው ድረስ ሊወስድ ይችላል፤ በውጭ የተሰማው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ቦምቡ እንዲጣል ያዘዘው ደብዳቤ የተጻፈው በጁላይ 25 ነው፤ የፖትስዳም መግለጫ ከመውጣቱ በአንድ ቀን፣ ቃሉ ከመነገሩም በሦስት ቀን ይቀድማል። ከመነገሩ በፊት ለተጻፈ ትእዛዝ አስተርጓሚን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ተርጓሚው በእርግጥ አደጋ ያስወገደበትን አንድ አጋጣሚ ቢነግሩን?

መልስ፦ ማኒላ። በኦገስት 19 ቀን 1945 በጄኔራል ቶራሺሮ ካዋቤ የሚመራ የጃፓን ልዑካን ቡድን፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው አረንጓዴ መስቀል በተሳለባቸው ሁለት አውሮፕላኖች ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ወደ አሜሪካ አውሮፕላን ተዛውሮ ማኒላ ገባ። የመጣው እጅ የመስጠቱን ዝርዝር ለመቀበል ነው። ከተሰጡት ሰነዶች አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው ሊያወጡት የሚገባው አዋጅ ረቂቅ ነበር። ጃፓናውያኑ ሲያነቡት ፊታቸው ተለወጠ። ረቂቁ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «ዋታኩሺ» እንዲሉ አድርጎ ነበር፤ ይህ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የሚለው «እኔ» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የሚጠቀሙበት ቃል ግን «ቺን» ነው።

አማርኛ አንባቢ የነገሩን ክብደት ለመገመት አይቸገርም። ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ «እኛ» እያሉ ከሚያውጁበት አዋጅ ላይ «እኛ»ን አንሥቶ «እኔ» ቢጽፍበት፣ አድማጩ ከይዘቱ በፊት የሚሰማው ውርደቱን ነው። ከዚያ አልፎ ይህ ንጉሣችን አይደሉም፣ አዋጁም የተጭበረበረ ነው ብሎ መሣሪያ አላስቀምጥም የሚል ወታደር ሊኖር ይችል ነበር።

የተባበሩት ኃይሎች የትርጉምና የአስተርጓሚዎች ክፍል ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል ሲድኒ ማሽቢር ለብዙ ዓመታት ጃፓንኛ ያጠና ሰው ስለ ነበር ሰዎቹ ለምን እንደ ደነገጡ ወዲያው ገባው። ሥነ ሥርዓቱን ጠብቀው አዋጁን በተለመደው ቃላቸው እንዲያዘጋጁት በራሱ ኃላፊነት ነገራቸው፤ ከዚያ ጉዳዩን ለተባበሩት ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ለጄኔራል ማክአርተር አቀረበ፤ ጄኔራሉም ንጉሡን በሕዝባቸው ፊት የማዋረድ ፍላጎት እንደሌለው ገልጾ ደገፈው። በአንዲት ተውላጠ ስም ምክንያት የቀረ ደም ስንት እንደሆነ ሊቆጠር አይችልም፤ ለእኔ ግን ከሙያው ታሪክ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አስተርጓሚ ንግግርን ማለዘብ ይፈቀድለታል ማለት ነው? ማሽቢር ያደረገው ይህን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ማሽቢር ያረመው የራሱ ወገን የሠራውን የትርጉም ጉድለት ነው። ማለዘብ ሌላ ነገር መሆኑን በራሴ ላይ ከደረሰው ተምሬአለሁ።

በታዛቢ ቡድኑ ውስጥ ሳለሁ፣ በድንኳን ውስጥ በተዘረጋ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት አዛዦች ስለ አንድ መንገድ ሲነጋገሩ በመካከል የተቀመጠው የውጭ አገር ኮሎኔል ነበር። አንደኛው አዛዥ ጣቱን ወደ ሌላው ቀስሮ «ይህ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል» አለ። እኔ ወጣት ነበርሁ፣ ስብሰባው እንዳይበተን ፈራሁ፤ ለኮሎኔሉም «የቀረበው መረጃ ከእኛ ጋር አይጣጣምም ይላሉ» ብዬ አስተላለፍሁ። ኮሎኔሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ማስታወሻውን ገልጦ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። አዛዡ ያንን ያህል ተናግሮ ምንም እንዳልተባለ ቢያይ ንቀውኛል ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ስብሰባውም ለዘጠኝ ቀን ተቋረጠ። ስድቡን ስደብቅበት ቁጣውንም ደብቄበታለሁ፤ ኮሎኔሉ ማወቅ የነበረበት ደግሞ ቁጣውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድብ እንደ ስድብ፣ ምስጋናም እንደ ምስጋና እንዲያልፍ አደርጋለሁ፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ቃል በቃል ካልገባ ተመጣጣኙን እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ ደግሞ «በቋንቋቸው ከባድ ዘለፋ ነው» ብዬ እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቋንቋ ያለው የእጅ መስጫ ሰነድ ቢጋጭ የትኛው ይጸናል?

መልስ፦ ጥንቃቄ ያለበት ሰነድ ይህን ራሱ ይናገራል። ጀርመን በሜይ 1945 በርሊን ላይ የፈረመችው ሰነድ በእንግሊዝኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ መዘጋጀቱን ገልጾ፣ ሕጋዊ ጽሑፎቹ የእንግሊዝኛውና የሩሲያኛው ብቻ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ የተሸናፊው ቋንቋ ለመረዳት ብቻ የቀረበ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ሲጎድል ምን እንደሚከተል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ሁላችንም ተምረነዋል።

በነገራችን ላይ፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በሚዙሪ የጦር መርከብ ላይ በተፈረመው ሰነድ የካናዳው ተወካይ በጃፓን ቅጂ ላይ አንድ መስመር ወርዶ ስለ ፈረመ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በሌላ አገር ስም ላይ ፈረሙ፤ የመጨረሻው ፈራሚ መስመር አጥቶ በባዶ ቦታ ፈረመ። የአገሮቹ ስም በብዕር ተሰርዞ ተስተካከለ። ከዚህ ስሕተት ግን አስተርጓሚዎቹ ንጹሕ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኒሴዎቹ በወላጆቻቸው አገር ላይ ሲዘምቱ የሚያምናቸው ነበር?

መልስ፦ ከሁለቱም ወገን ሙሉ እምነት አላገኙም። በፌብሩዋሪ 1942 በወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መነሻነት ወደ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ተወላጆች በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ተዘግተው ሳለ፣ ከእነዚያው ካምፖች ወጥተው ለአስተርጓሚነት የተመዘገቡ ወጣቶች ነበሩ። ልጁ የምርኮኛ ቃል እየተረጎመ ወላጆቹ በመንግሥቱ ጠባቂ ሥር ነበሩ ማለት ነው። ማዕረግ በማግኘትም ቢሆን ብዙዎቹ ከበታች ሹምነት ሳያልፉ፣ ከእነርሱ ያነሰ ጃፓንኛ በሚያውቅ ነጭ መኮንን ሥር አገልግለዋል። ሥራቸው በምስጢርነት ተይዞ ለረጅም ጊዜ ሳይወራ ቆየ፤ የአገሪቱ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳሊያ የተፈቀደላቸው በ2010 ነው።

ስለ ሃሪ ፉኩሃራ ሳልናገር ይህን መልስ መዝጋት አልችልም። አሜሪካ ተወልዶ፣ አባቱ ሲሞት እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሂሮሺማ ተመለሰች፤ እርሱ አድጎ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ጦርነቱ መጣ፤ ካምፕ ታሰረ፤ ከካምፑ ወጥቶ አስተርጓሚ ሆነ። እናቱና ወንድሞቹ ሂሮሺማ ነበሩ፤ ወንድሞቹም በጃፓን ጦር ውስጥ ተሰልፈው ነበር። ቦምቡ መጣሉን የሰማው በሥራ ላይ እያለ ነው፤ ወሬውን ለጃፓናውያን ምርኮኞች ማስረዳት የእርሱ ፈንታ ነበር። በ1945 መጸው ወደ ሂሮሺማ ሄዶ ቤታቸውን አገኘው። እናቱ በሕይወት ነበረች። ታላቅ ወንድሙ ግን በጨረሩ ታምሞ ተኝቶ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ።

ጥያቄ፦ በኑረንበርግና በቶኪዮ የጦር ወንጀል ችሎቶች አስተርጓሚዎቹ እንዴት ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ በጣም በተለያየ መንገድ። በኖቬምበር 1945 የተጀመረው የኑረንበርግ ችሎት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ትርጉም፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሰፊው የተሠራበት የመጀመሪያው ነው። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው ያላቸው ሦስት ቡድኖች ይፈራረቁ ነበር። ተናጋሪው ሲፈጥን አስተርጓሚው ቢጫ መብራት ያበራበታል፣ ቀዝቀዝ በል ለማለት፤ ቀይ መብራት ሲበራ ንግግሩ ይቆማል። የዘመኑ አስተርጓሚ ይህን ቀይ መብራት ቢያገኝ ምንኛ በወደደ!

ትልቁ ችግር ጀርመንኛ ብዙ ጊዜ ግሡን ወደ መጨረሻ መግፋቱ ነበር። እኛ ይህ አይገርመንም፤ ምስክሩ «ሰውየውን በዚያ ሌሊት፣ ከጣቢያው በር አጠገብ፣ ከሁለቱ መኮንኖች ጋር ቆሞ» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ «አየሁት» ይበል «አላየሁትም» ገና አይታወቅም። አስተርጓሚው ከቀደመ ሊሳሳት፣ ከጠበቀ የቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ጎርፍ ሊወስደው ነው። በቶኪዮ፣ ከሜይ 1946 እስከ ኖቬምበር 1948 በቆየው ችሎት፣ ጃፓንኛና እንግሊዝኛ ከዚህም የተራራቁ ስለሆኑ ለቃል ምስክርነት በየተራ መተርጎም ተመረጠ። ጃፓናውያን ይተረጉማሉ፤ ኒሴዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ያርማሉ፤ በላያቸው ደግሞ ክርክር የሚፈርድ የቋንቋ ቦርድ አለ። የዚህ መዋቅር መነሻ የችሎታ ብቻ ሳይሆን የመተማመንም ጥያቄ ይመስለኛል። ከአራሚዎቹ አንዱ የነበረው አኪራ ኢታሚ፣ አሜሪካ ተወልዶ ጃፓን ያደገ፣ በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን የቶጆን ምስክርነት ያረመ ሰው፣ በ1950 ራሱን አጠፋ። ምክንያቱን በአንድ መስመር የሚነግሩን አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ጦሩ ለቅቆ ሲወጣ የአገሬው አስተርጓሚ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ተጥሎ ይቀራል። በኦገስት 2021 የካቡል አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ወረቀታቸውን ወደ ላይ አንሥተው የቆሙትን ሁላችንም አይተናል፤ ከ120,000 በላይ ሰው በአየር ቢወጣም፣ የተሰለፉበት ቪዛ ሳይደርስላቸው የቀሩ አስተርጓሚዎች ብዙ ነበሩ። ተዋጊው ዩኒፎርሙን አውልቆ ከሕዝብ ሊቀላቀል ይችላል፤ አስተርጓሚውን ግን ፊቱንም ድምፁንም መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ከምለው ይበልጥ መናገር ያለባቸው እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ትርጉሙ ትክክል፣ ቋንቋውም የገዛ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ጦርነቱ ማብቃቱን አላምንም ያለ ወታደር ነበር?

መልስ፦ ሂሮ ኦኖዳ። ፊሊፒንስ ውስጥ ሉባንግ በምትባል ደሴት የቀረ የጃፓን መኮንን ነበር። ጦርነቱ አብቅቷል የሚሉ በጃፓንኛ የተጻፉ በራሪ ወረቀቶች ተጣሉለት፤ እርሱና ጓዶቹ መርምረው የጠላት ተንኮል ነው ብለው ደመደሙ። ቆይቶም የቤተሰብ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ተጣለ፤ የገዛ ወንድሙ መጥቶ በድምፅ ማጉያ ጠራው፤ አላመነም። ከሦስቱ ጓዶቹ አንዱ ተለይቶ እጁን ሰጠ፤ ሁለቱ በየጊዜው ተገደሉ። በ1974 አንድ ጃፓናዊ መንገደኛ ወጣት ጫካ ውስጥ አግኝቶ ቢለምነው፣ ከአለቃዬ ትእዛዝ ካልመጣ አልወጣም አለ። አለቃው የነበረው ሻለቃ ታኒጉቺ በዚያን ጊዜ መጻሕፍት ሻጭ ነበር፤ ተፈልጎ ወደ ደሴቲቱ ተወሰደ። ኦኖዳ ዩኒፎርሙን እንደ ለበሰ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሻለቃው ከወረቀት ላይ የውጊያ ተግባሩ እንዲያበቃ የሚያዘውን ትእዛዝ አነበበለት። ኦኖዳም ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ።